«ጋብቻችሁን ጀርመን አስመዝግቡ፣ ወረቀቱ ራሱ ይመጣል» ላለን ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የደረሰኝ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። ባጭሩ የሚለው ይኼን ነው። ጀርመን የሚኖር ሰው ካገባችሁ ጋብቻችሁን እዚያ አስመዝግቡ። አንዴ ከተመዘገበ የመኖሪያ ፈቃዱ ጣጣ የለውም፣ ቋንቋም ገቢም አትጠየቁም። ካስቸገራችሁ ደግሞ በቱሪስት ቪዛ ግቡና ዴንማርክ ሄዳችሁ ተጋቡ። መጨረሻው ላይ የጉዳይ አስፈጻሚ ስልክ ቁጥር ተቀምጧል። ጽሑፉን ከላኩልኝ ሰዎች አንዷ ከሥሩ «ገንዘቡን ከመላኬ በፊት እስቲ እየው» ብላ ጽፋበታለች።

እሷ እንዲህ ባትል ኖሮ አልፈው ነበር። ጸሐፊው በክፋት የጻፈው አይመስለኝም፤ ከዚህም ከዚያም የሰማውን ሰብስቦ ነው ያቀረበው። ችግሩ ግማሹ ተገልብጦ የተሰማ መሆኑ ነው። ጠበቃ አይደለሁም። እዚህ ጀርመን ስኖር ግን ለወዳጅ ለዘመድ ቅጽ ስሞላና በየቢሮው ሳስተረጉም ነው የከረምኩት፣ ስለዚህ በየነጥቡ ልሂድበት።

«ኢትዮጵያ የተፈጸመ ጋብቻ ጀርመን ካልተመዘገበ ዋጋ የለውም» ይላል።

አለው! ጀርመን ውጭ አገር የተፈጸመን ጋብቻ የምትመለከተው በተፈጸመበት አገር ሥርዓት መሠረት ነው። አዲስ አበባ ላይ በሕጉ መሠረት የተጋባች ሴት ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስም ባለትዳር ናት። ስታንደስአምት (የእነሱ የክብር መዝገብ ቢሮ) ሄዶ የውጭ አገር ጋብቻን ማስመዝገብ የፈለገ የሚያደርገው ነገር እንጂ ግዴታ አይደለም። ጥቅም የለውም አልልም። የጀርመን የጋብቻ ሰርተፊኬት ይሰጣችኋል፣ ልጅ ሲወለድ የአማርኛውን ሰርተፊኬት ከነትርጉሙ ተሸክሞ ከመንከራተት ያድናል፣ የቤተሰብ ስም ጉዳይም እዚያው መልክ ይይዛል። ለቪዛ ግን ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ቪዛ የሚያስገኝ ነገርም አይደለም።

ዋናውን ነገር ደግሞ ጸሐፊው ጭራሽ አላነሳውም። ይህን ምዝገባ መጠየቅ የሚቻለው ከሁለቱ አንዱ የጀርመን ዜጋ ሲሆን ነው። እውቅና ያገኘ ስደተኛና አገር አልባ ሰውም በዚህ ጉዳይ እንደ ዜጋ ይታያሉ። ባልየው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ በሥራ ፈቃድ የሚኖር ኢንጂነር ከሆነ ግን ቢለምንም አይመዘግቡለትም። ለምዝገባው ክፈሉ የምትባሉት ሰዎች መጀመሪያ ይህችን ጠይቁ፤ ብዙዎቻችሁ ማመልከት እንኳ የማትችሉትን ነገር ነው የሚሸጡላችሁ።

«ከተመዘገበ የመኖሪያ ፈቃዱ አብሮ ይመጣል።»

ማን ነው የሚሰጠው? ስታንደስአምት ጋብቻ፣ ልደትና ሞት ይመዘግባል፣ በቃ። የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው አውስሌንደርበሆርደ የሚባለው የውጭ ዜጎች ቢሮ ነው። ቪዛውን የሚሰጠው ደግሞ ኤምባሲው ነው። አንዱ ቢሮ ለሌላው አያዝም።

ትክክለኛው ሂደት ይህን ይመስላል። አዲስ አበባ ያለችው ሚስት ለቤተሰብ መቀላቀል የሚሆነውን የረጅም ጊዜ ቪዛ ቀበና ባለው የጀርመን ኤምባሲ ታመለክታለች። ክፍያው 75 ዩሮ ነው። ፋይሉ ባልየው ወደሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ይላካል። እዚያ ባልየውን ይጠሩትና የሥራ ውል፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውል አምጣ ይሉታል። ቢሮው ከተስማማ ኤምባሲው ቪዛውን ይመታል። ሚስት ትገባለች፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻዋን ታስመዘግባለች፣ ከዚያ የመኖሪያ ካርዱን ታመለክታለች። ካርዱን ከያዘች በኋላ ወዲያው ሥራ መሥራት ትችላለች፤ ይኼን እንኳ ጸሐፊው በትክክል ነው ያስቀመጠው።

ገቢ አይጠየቅም የሚለው ደግሞ ለአንዳንዱ ልክ ነው። ያገባችሁት የጀርመን ዜጋ ከሆነ እንደ ደንቡ በገቢ ምክንያት አይከለክሏችሁም። የውጭ ዜጋ ከሆነ ግን ያለ መንግሥት ድጎማ ሁለታችሁንም የሚያኖር ደመወዝ፣ አብዛኛውን ጊዜም በቂ ቤት መኖሩን ያያሉ። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ቤት ተጋርቶ የሚኖር ልጅ ደመወዙ ጥሩ ቢሆንም ቤቱ ላይ ሊይዙት ይችላሉ።

አሁን ወደሚያስገርመው እንሂድ።

«የጀርመን ዜጋ ያገባ ሰው ቋንቋ አያስፈልገውም።»

እውነታው የዚህ ተቃራኒ ነው። ከ2007 ጀምሮ ከውጭ የሚመጣ የትዳር ጓደኛ መሠረታዊ ጀርመንኛ፣ ማለትም ኤ1 ደረጃ፣ ከመግባቱ በፊት ማሳየት አለበት። የጀርመን ዜጋ ያገባም እዚሁ ውስጥ ነው። ነጻ የሚሆኑት ሌሎች ናቸው። ብሉ ካርድ (ለተማሩ ባለሙያዎች የሚሰጠውን የአውሮፓ ኅብረት የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ) የያዘ ባለሙያ ሚስቱን ያለ ኤ1 ያመጣል። ስደተኝነቱ የጸደቀለት ሰው ወደ ጀርመን ከመምጣቱ በፊት ያገባት ሚስቱ ከሆነች እሷም አትጠየቅም። የሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ዜጋ ሆኖ ጀርመን የሚኖር ሰው ሚስትም አትጠየቅም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ አስቡት። ሁለት ሀበሾች አንድ ሕንፃ ላይ ይኖራሉ። አንዱ ስዊድን አድጎ የስዊድን ፓስፖርት ይዞ ለሥራ ፍራንክፈርት የመጣ ነው። ሌላው ሃያ ዓመት ጀርመን ኖሮ፣ ግብር ከፍሎ፣ የጀርመን ዜግነት የወሰደ ነው። ሁለቱም በአንድ ጥር አዲስ አበባ ሄደው ያገባሉ። የስዊድኑ ሚስት ጀርመንኛ አንድ ቃል ሳታውቅ፣ ቪዛውንም ያለ ክፍያ ታገኛለች። የጀርመኑ ሚስት ስድስት ኪሎ ጎተ ኢንስቲትዩት (የጀርመን የቋንቋና የባህል ተቋም) ገብታ ፈተና ትቀመጣለች። ፍትሐዊ ነው ወይ ካላችሁኝ አይደለም፣ እኔም ያናድደኛል። ግን ሕጉ ይኼ ነው፣ «ባሌ ዜጋ ነው፣ ቋንቋ ምን ያደርግልኛል» ብላ የተቀመጠች ሴት ዓመት ታቃጥላለች።

ዜጋ ላገባ ሰው ማምለጫ ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መማር የማይችል ሰው ይታለፋል። ትምህርት ቤት በሌለበት አካባቢ የሚኖር ወይም አንድ ዓመት ሙሉ ከልብ ሞክሮ ያልተሳካለት የዜጋ ባለቤትም ይህንኑ በማስረጃ ማሳየት ከቻለ ሊታለፍ ይችላል። ልጅ ወልዳችሁ ልጁ የጀርመን ዜግነት ካለው ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ቪዛው የሚጠየቀው በሚስትነት ሳይሆን በእናትነት ነው፣ ኤ1ም አይጠየቅም። ጽሑፉ «ልጅ ያለው ቋንቋ አይጠየቅም» የሚለው ይህችን ሰምቶ ይመስለኛል። ነገር ግን ልጁ የኢትዮጵያ ዜጋ ብቻ ከሆነ አይሠራም።

ፈተናው ደግሞ እንደሚወራው አያስፈራም። ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር ነው። ከመቶ 60 ማለፊያ ነው። መጻፉ ላይ አንድ ቅጽ ትሞላላችሁ፣ ሠላሳ ቃል ገደማ ያላት አጭር መልእክት ትጽፋላችሁ። መናገሩ ላይ ራሳችሁን ታስተዋውቃላችሁ፣ ስማችሁን ፊደል በፊደል ትቆጥራላችሁ፣ ስልክ ቁጥር ትናገራላችሁ። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ፊደል መቁጠሩ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ሲደነግጥ ወደ እንግሊዝኛው «ኤ፣ ቢ፣ ሲ» ይመለሳል። በየሰፈሩ ያሉ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት የምስክር ወረቀት ግን ኤምባሲው ዘንድ አያስኬድም፤ እውቅና ካለው የፈተና ተቋም መሆን አለበት። ሰርተፊኬቱ ኖሮም መስኮቱ ላይ በጀርመንኛ «ባልሽ የት ነው የሚሠራው?» ሲባሉ ጭራሽ ካልገባቸው ጥርጣሬ ይነሳል።

«የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ብቻ ይበቃል፣ አንዱ መገኘት ካልቻለ በውክልና መጋባት ይቻላል።»

እዚህ ላይ ጀርመንን ትተን ወደ አገር ቤት እንመለስ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል። ተክሊልም ኒካህም ሕጋዊ ጋብቻ ነው። ግን በየትኛውም መንገድ ይፈጸም፣ በክብር መዝገብ መመዝገብ አለበት። ኤምባሲው የሚፈልገው ይህን የመንግሥት ሰርተፊኬት ነው። ውክልናን በተመለከተ ደግሞ ሕጉ ተጋቢዎቹ ራሳቸው ተገኝተው ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ ነው የሚያዘው። በእንደራሴ መጋባት የሚቻለው ከባድ ምክንያት መኖሩ ተረጋግጦ ፍትሕ ሚኒስቴር ሲፈቅድ ብቻ ነው። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ እንደ መኪና ሽያጭ ውክልና ማስጻፍ አይደለም።

ጽሑፉ ሰነድን ጨርሶ አቃሎታል። የጀርመን ኤምባሲ የኢትዮጵያን የሲቪል ሰነዶች እንዲሁ ማህተም መትቶ ማጽደቅ ካቆመ ቆይቷል። በምትኩ ጥርጣሬ ካለ ወይም ጀርመን ያለው ቢሮ ከጠየቀ ሰነዱ ይመረመራል። ኤምባሲው የሚያምነው ጠበቃ ወደ ወረዳው ይሄዳል፣ መዝገቡን ያያል፣ ሰው ይጠይቃል። ወጪው የእናንተ ነው፣ ወራትም ይወስዳል።

በዚህ ምርመራ የሚወድቁት ሁሉ ደግሞ አጭበርባሪዎች አይደሉም። አብዛኛው ሰው የሚያዘው በጥቃቅን ነገር ነው። ጽጌ የምትባል ሴት ፓስፖርቷ ላይ ስሟ በ«ቲ» ይጀምራል፣ የጋብቻ ሰርተፊኬቷ ላይ በ«ኤስ»። የጀርመን ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ስለዚህ አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም ይገባል፣ ሌላው ላይ የአያት። ቀኑማ ጉድ ነው። ጥር 12 ቀን 2016 እሁድ ነበር፣ ስንት ሠርግ የተደገሰበት ቀን። በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 21 ቀን 2024 ነው። ሌላ ጊዜ ጥር 12 ጃንዋሪ 20 ላይ ስለሚውል ግን የለመደ እጅ 20 ብሎ ይተረጉመዋል። 2015 ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበራት ከመስከረም እስከ የካቲት 21 ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ተገፍቷል። ሰርተፊኬቱ 20 ይላል፣ የሠርጉ ጥሪ ካርድና ፎቶው 21 ይላል፣ ቅጹ ላይ ባል የሞላው 21፣ ሚስት የሞላችው 20። እናንተ እየሳቃችሁ ታነባላችሁ፣ ፋይሉን የያዘችው ጀርመናዊት ግን አትስቅም። ስለዚህ ከወረዳ ሰርተፊኬቱን ስትቀበሉ እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ ስሙንና ሁለቱን ቀኖች ከፓስፖርታችሁ ጋር አስተያዩ። ያን ጊዜ ማስተካከል ቀላል ነው፣ ከተተረጎመና ኤምባሲ ከገባ በኋላ ግን መከራ ነው።

«በቱሪስት ቪዛ ግቡ፣ ዴንማርክ ተጋቡ፣ ከዚያ ጀርመን አስመዝግቡ።»

ዴንማርክ ላይ መጋባት ቀላል መሆኑ እውነት ነው። ጀርመን የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች የስታንደስአምቱን የወረቀት ጋጋታ ሽሽት እዚያ ሄደው ይጋባሉ፣ ጋብቻውም ጀርመን ውስጥ ይታወቃል። ከ2019 ወዲህ ወረቀቱን የሚመረምር አንድ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት አለ፣ ቢሆንም ፈጣን ነው። ሁለቱም ፈቃድ ኖሯቸው ጀርመን የሚኖሩ ከሆነ እሰየው።

በሸንገን ቪዛ ለገባ ሰው ግን ወጥመድ አለው። በአጭር ጊዜ ቪዛ የገባ ሰው አገር ውስጥ ሆኖ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ የሚችለው መብቱ የተፈጠረው ከመጨረሻው መግቢያው በኋላ ከሆነ ነው። እናንተ ዴንማርክ ተጋብታችሁ በፍሌንስቡርግ በኩል ወደ ጀርመን ስትመለሱ የመጨረሻ መግቢያችሁ ያ ይሆናል፣ ጋብቻው ደግሞ ከዚያ በፊት ተፈጽሟል። ስለዚህ መብቱ አይሠራላችሁም። ቢሮው «አዲስ አበባ ተመለሱና በትክክለኛው ቪዛ ኑ» የማለት ሙሉ መብት አለው፣ ይላልም። ኤ1ም እንዳለ ይጠበቃችኋል። ሲጨመርበት ደግሞ ኤምባሲው ፊት «ለጉብኝት ነው» ብላችሁ መግባታችሁ ፋይሉ ላይ ይቀመጣል። እንደ እርግዝና ባለ ምክንያት ሳይመለሱ የተፈቀደላቸው አሉ። ጸሐፊው የእነሱን ታሪክ ሰምቶ ለሁሉም የሚሠራ አስመስሎታል።

ስለ ወረቀት ጋብቻ (ለመኖሪያ ፈቃዱ ሲባል ብቻ ስለሚደረግ የይስሙላ ጋብቻ) የጻፈውን አንድ አንቀጽ ቶሎ ልለፈው። «ተስማምቶ መክፈል ነው፣ ማን ያውቃል» ይላል። ባልና ሚስትን በአንድ ሰዓት በተለያየ ክፍል አስቀምጠው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃሉ። የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ሐሰት መናገር እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም የገንዘብ ቅጣት አለው፣ የሚመለከተውም ሁለቱንም ነው። በማጭበርበር የተገኘ ዜግነት እንኳ ከተሰጠ በኋላ እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊነጠቅ ይችላል። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን የሚቀጥለው ነው።

«እህቶች፣ ሦስት ዓመት እስኪሞላችሁ የፈለገው ቢመጣ ቻሉት፣ ባል ከጠቆመባችሁ በማግስቱ ትባረራላችሁ።»

እንዲህ ዓይነት ምክር ሰው ያስገድላል። ሦስት ዓመት የሚባለው ነገር አለ። ትዳሩ ጀርመን ውስጥ አብሮ በመኖር 3 ዓመት ከቆየ፣ ከተለያያችሁ በኋላም የራሳችሁ የመኖሪያ መብት ይኖራችኋል። አዲስ አበባ ሆናችሁ ቪዛ የጠበቃችሁበት ጊዜ አይቆጠርም። ከዚያ በፊት ከተለያያችሁ ቢሮው ፈቃዱን ሊያሳጥረው ይችላል፤ እስከዚህ ልክ ነው። ግን ይኸው ሕግ ከባድ ችግር ላለበት ሰው ሦስቱን ዓመት አይጠብቅም፣ የቤት ውስጥ ጥቃትም በግልጽ ተጠቅሷል። በልጅ ላይ የሚደርስም እንደዚሁ። ባል ከሞተም ሦስት ዓመት አይጠየቅም።

ባል «አስባርርሻለሁ» ቢል ቃሉ ነው እንጂ ሥልጣን የለውም። የሚወስነው ቢሮው ነው፣ በቢሮው ውሳኔ ላይም ፍርድ ቤት አለ። ማስረጃ ግን ያስፈልጋል። ፖሊስ ከተጠራ የፖሊስ ወረቀት፣ ሐኪም ጋ ከተሄደ የሐኪም ወረቀት፣ የሴቶች መጠለያ ከተገባ የመጠለያው ወረቀት። የዛቻ መልእክቶችን አታጥፉ። ፓስፖርታችሁንና ካርዳችሁን ራሳችሁ ያዙ፣ «እኔ ላስቀምጥልሽ» የሚል ባል ካለ ፎቶ አንስታችሁ ለምታምኑት ሰው ላኩ። 116 016 የሴቶች የእርዳታ መስመር ነው። ነጻ ነው፣ ሌትም ቀንም ይሠራል፣ በአስተርጓሚም ያናግራሉ፣ ስም አይጠይቁም። አደጋው አሁኑኑ ከሆነ 110፣ ፖሊስ።

ሁለት ትንንሽ ነገር ቀርቶኛል። ጽሑፉ «ቪዛ ከተከለከላችሁ ለኤምባሲው የቅሬታ ደብዳቤ ጻፉ» ይላል። ያ ድሮ ነው። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ይህ አሠራር ቀርቷል። አሁን ያለው አማራጭ የጎደለውን አሟልቶ እንደገና ማመልከት ወይም በርሊን ባለው የአስተዳደር ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። የመክሰሻው ጊዜ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወር ነው። ስለ ዜግነትም «ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለቱንም ፓስፖርት ትይዛላችሁ» ብሏል። ጀርመን ከ2024 ወዲህ ሁለት ዜግነት ትፈቅዳለች። ኢትዮጵያ ግን አትፈቅድም፤ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል።

የጉዳይ አስፈጻሚውን ስልክ ቁጥር በተመለከተ ለጠየቀችኝ ልጅ የመለስኩላትን እዚህም ልድገመው። ገንዘቡን አትላኪ። ያን ሰው ከፍለሽ የምታገኚው ምዝገባ ባልሽ ዜጋ ካልሆነ ከነጭራሹ የለም፣ ዜጋ ከሆነም እሱ ራሱ ስታንደስአምት ሄዶ ያመለክታል። ቅጽ የሚያስሞላ ሰው ካስፈለገ ባልሽ በሚኖርበት ከተማ ካሪታስ፣ ዲያኮኒ ወይም አቮ የሚባሉት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ቢሮ ይኖራል። ለስደተኞች የሚሰጡት ምክር ነጻ ነው፣ ቀጠሮ ይያዝና የደመወዝ ወረቀቱን፣ የኪራይ ውሉንና የጋብቻ ሰርተፊኬታችሁን ኮፒ ይዞ ይሂድ።